ያረጀ የጽድ ቦንሳይ አያያዝ፦ ነጩ እንጨት እንዳይበሰብስ፣ አረንጓዴው እንዳይደክም

ሺምፓኩ የሚባለውን የጃፓን ጽድ የቦንሳይ (ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) ሰው አጥብቆ የሚወደው በነጩ እንጨቱ ነው። በሺኮኩና በኢቶይጋዋ ተራሮች ገደል ላይ ሲበቅል በረዶ ቅርንጫፉን ይሰብረዋል፣ ነፋስ ቅርፊቱን ይገፈዋል። የሞተው ክፍል ግን ቶሎ አይወድቅም። ፀሐይ አንጥታው፣ ከሕያው ግንድ ጋር እንደተያያዘ ለረጅም ዘመን ይቆያል። የደረቀው ቅርንጫፍ ጂን ይባላል። ግንዱ ላይ ቅርፊት የሌለው ነጭ ክፍል ደግሞ ሻሪ ይባላል።

ተራራ ላይ ያለው ጂን የሚቆየው ነፋስና ፀሐይ ስለሚያደርቁት ነው። ጠፍጣፋ ሸክላ ውስጥ ያለው ዛፍ ግን በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፣ ግንዱ ሥር ሞስ (አፈር ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) ይበቅልበታል፣ አፈሩ እንደረጠበ ይቆያል። ስለዚህ ተፈጥሮ የሠራችውን ሥራ እኛ መሥራት አለብን።

ስለ ደረቅ እንጨት ጥበቃ ሲነሳ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጠራው ላይም ሰልፈር የተባለውን የሚያነጣ ፈሳሽ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እሱ ሁለተኛ ነው። እንጨቱን የሚያጠፋው እርጥበት ነው፤ እርጥበቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከታች፣ ግንዱ አፈር ከሚነካበት ቦታ ነው። ላዩን በየዓመቱ እየቀቡት ታቹ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር ዛፍ ስንት አለ መሰላችሁ።

የምጽፈው ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ አየር ነው። ወራቱን የምጠራውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ መጨረሻ ላይ የምለው አለኝ።

ከሁሉ በፊት ሕያው መስመሩን እወቁ

ያረጀ ጽድ ዙሪያውን በቅርፊት ተሸፍኖ አይኖርም። ከሥር ወደ ቅጠል ውሃ የሚያደርሰው በቅርፊት የተሸፈነ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትለዩ ወስፌም፣ ቢላም፣ ብሩሽም አታንሱ።

መስመሩ በዓይን ይለያል። ዛፉ ሲያድግ የሚወፍረው ሕያው ክፍል ብቻ ስለሆነ ከነጩ እንጨት ከፍ ብሎ ክብ ይሆናል። ቅርፊቱ ቡኒ ነው፤ ላዩ ላይ የተላላጠውን ሽፋን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ብታነሱት ከሥሩ ቀላ ያለ ቀለም ይወጣል። ይህን ማጽዳት ለውበት ብቻ አይደለም። የተላላጠ ቅርፊት የተባይ መደበቂያ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በጽድ ላይ እያንዳንዱ መስመር ከታች የራሱ ሥር፣ ከላይ የራሱ ቅርንጫፍ አለው። ያን ሥር ከቆረጣችሁ ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ይሞታል። ያረጀ ዛፍ ላይ ደግሞ መስመሩ ጥቂት ስለሆነ መተኪያ የለውም። ድንበሩን በነጭ ጠመኔ አስምራችሁ ከዚያ ወደ ሥራ ግቡ።

የሚያስፈልጋችሁ

ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ የነሐስ ሽቦ ብሩሽ፣ ወስፌ፣ ወረንጦ፣ ውሃ መርጫ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ፎጣና ፌስታል፣ የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ኩባያ፣ ሁለት ቀጫጭን የቀለም ብሩሽ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሳሂኮ ኪሙራን የመሰሉ የጃፓን ጌቶች በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንጨት ሲቀርጹ አይታችሁ ይሆናል። ያ አዲስ ቅርጽ ለማውጣት ነው። እኛ ያለውን ልናቆይ ነው የተነሳነው።

የደረቀውን እንጨት ማከም፣ በቅደም ተከተል

1. በወስፌ ፈትሹ። ጂኑንና ሻሪውን ከላይ እስከ ታች ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ጤነኛው ጠንካራ ነው፣ ወስፌ አይገባበትም። የበሰበሰው ይሰምጣል፣ ቀለሙም ይጠቁራል ወይም ይቦዝዛል። ጽድ ላይ ቶሎ የሚበሰብሰው ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ነጣ ያለ የውጭ እንጨት ነው። ውስጠኛው ልቡ ሙጫ ስላለው ብዙ ይቆያል። ስለዚህ ለስላሳ ነገር ስታገኙ አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጠንካራ አለ።

2. ታቹን ግለጡ። ሥራው ያለው እዚህ ነው። ግንዱን ተጠግቶ የበቀለውን ሞስ በወረንጦ ልቀሙ። ሻሪው አፈር የሚነካ ከሆነ አፈሩን አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ራቅ አድርጉና ቦታውን ሸካራ በሆነ የፐሚስ ጠጠር ሙሉት። ፐሚስ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ አየር ያስገባል። ሞስ ከፈለጋችሁ ከሸክላው ጠርዝ በኩል ይኑር። ለኤግዚቢሽን ወይም ለፎቶ ብላችሁ አፈሩን ሁሉ በሞስ ካለበሳችሁት፣ ሲያልቅ ከግንዱ ዙሪያ ያለውን አንሡት።

3. በውሃ እጠቡ። ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ሳሙና የለም። እያረጠባችሁ በጥርስ ብሩሽ የእንጨቱን ጅማት ተከትላችሁ ፈትጉ። አግድም ከፈተጋችሁ ዘመን የቀረጸውን መስመር ታጠፉታላችሁ። አረንጓዴው አልጌ አልለቅ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ የነሐሱን ብሩሽ ተጠቀሙ። እሱንም በቀስታ።

4. የላላውን አንሡ። በወስፌ የሚፈረፈረውን ሁሉ አውጡ፤ ጠንካራው ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ ካለ መውጫ ያስፈልገዋል። በቀጭን መሰርሰሪያ ወደ ታችና ወደ ውጭ ያዘነበለ ቀዳዳ አብጁለት። ቀዳዳው በሞተው እንጨት ብቻ ይለፍ፤ ሕያው መስመሩን አይንካ። ጎድጓዳውን በሲሚንቶ መድፈን ድሮ የተለመደ ዘዴ ነበር። አትሞክሩት። እርጥበቱን ከውስጥ ይዞ ያስቀርና መበስበሱን ያፋጥናል።

5. አድርቁ። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። አፈሩን ብቻ እያጠጣችሁ እንጨቱን አታርጥቡ።

6. አሁን ላይም ሰልፈሩ። ይህ የካልሲየምና የሰልፈር ውሕድ ነው። ፈንገስ ይገድላል፣ እንጨቱንም ያነጣል። ተራ የአትክልት ሱቅ ውስጥ አሁን እምብዛም አይገኝም፤ የቦንሳይ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ ግን አለ።

በስድስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳውም ዛፍ የሚጎዳውም እዚህ ነውና።

ውጭ ብቻ ነው የሚሠራው። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ አፓርትመንት ውስጥ ከሆናችሁ ጎረቤት ልብስ ያሰጣበት ቀን አይሁን። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝ። ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከበረኪናም ጋር አትቀላቅሉት። ባጭሩ ከውሃና ከትንሽ ቀለም በቀር ምንም አይጨመርበት።

አፈሩን በፎጣ፣ ከፎጣው በላይ በፌስታል ሸፍኑ። ሥር አይወደውም። ሸክላውን ትንሽ አዘንብላችሁ የሚንጠባጠበው ወደ ውጭ እንዲወርድ አድርጉ። እንጨቱን በመርጫ በጣም ትንሽ አርጥቡት፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ቀቡ። ድንበሩ አካባቢ በትንሿ ብሩሽ ቀስ በሉ። ሕያው ቅርፊት ወይም ቅጠል ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ አጥቡት።

መጀመሪያ ብርቱካናማ ቢጫ ይሆናል። አስቀያሚ ነው፣ አትጨነቁ። ፀሐይና አየር ሲያገኘው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይነጣል። ጭራሽ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሎ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ኩባያው ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ሱሚ የሚባለውን ጥቁር የጃፓን የጽሕፈት ቀለም ጨምሩ፤ ወደ አመድማ ግራጫ ይመጣል። በተለይ ጥልቅ ስንጥቆች ጠቆር ቢሉ ዛፉ ያረጀ ይመስላል። በነጭ ብቻ የደመቀ ጂን ለእኔ የፕላስቲክ ነው የሚመስለኝ።

ዋናው ቅብ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን፣ ደረቅና ፀሐያማ በሆነ ሳምንት ይሁን። ከመከር በፊት ካስፈለገ በሴፕቴምበር አንድ ጊዜ ይደገማል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

7. ለስላሳውን አጠንክሩ፣ ካስፈለገ ብቻ። ተጠርጎም የሚፈረፈር ቦታ ከቀረ፣ ቅቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀጭን የእንጨት ማጠንከሪያ ፈሳሽ በጠብታ አስጠጡት። የሙዚየም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት በአሴቶን የሚሟሟው ፓራሎይድ ቢ-72 ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ማጠንከሪያው ቀድሞ ከገባ ላይም ሰልፈሩ አይሰርጽም። ትርፉን አሴቶን ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ፣ አለዚያ ያብለጨልጫል። ለጠባብ ስንጥቅ ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ይበቃል። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይቁም።

ዓመቱ እንዴት ይሂድ

*ማርችና ኤፕሪል።* አፈር መቀየሪያ ጊዜ ነው። ያረጀ ጽድ በየዓመቱ አይነካም፤ አራት አምስት ዓመት መቆየት ይችላል። ምልክቱ ውሃው ነው። ስታጠጡት ላዩ ላይ ተኝቶ አልወርድ ካለ ጊዜው ደርሷል።

ሥሩን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከአፈር ማራቆት ያረጀን ጽድ ይገድላል። ዘንድሮ ግማሹን ጎን አጽዱ፣ ሌላውን ግማሽ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ። አካዳማ የሚባለው የጃፓን የሸክላ ጠጠር፣ ፐሚስና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እኩል እኩል ተቀላቅለው ጥሩ አፈር ይሆናሉ። ዛፉን ከሸክላው ጋር በሽቦ እሰሩት። የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ሥር አያበቅልም።

የተቀበረውን ደረቅ እንጨት ማየት የምትችሉት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ዕድሉን አታሳልፉ። ከአፈር በታች የሄደውን ሻሪ በወስፌ ፈትሹ፣ የበሰበሰውን ጥረጉ፣ ዙሪያውን በፐሚስ ሙሉ። እዚህ ላይ ላይም ሰልፈር አይገባም፤ ሥር አጠገብ ነን። ሲቻል ዛፉን ከበፊቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ሻሪው ከአፈር ይወጣል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ከነፋስና ከኃይለኛ ፀሐይ ይጠለል። ማዳበሪያ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ይቅር።

*ሜይና ጁን።* ዛፉ በቡቃያ ይፈነዳል። አፈሩ ያልተቀየረለት ከሆነ ቀስ ብሎ የሚሟሟ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ስጡት። የረዘመውን ቡቃያ በመቀስ፣ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቡኒ እንጨት ከሆነበት ቦታ ላይ ቁረጡ። ጫፉን ሁሉ በጣት እየቀነጠሱ ቅርጽ ማስያዝ ብዙ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ጽድ ግን ጉልበቱን የሚያስቀምጠው ጫፉ ላይ ነውና ያደክመዋል። ብዙ ከቆረጣችሁበት ደግሞ እንደ መርፌ የሚወጋ የልጅነት ቅጠል ያወጣል። ያ ዛፉ "በዛብኝ" ሲል ነው፤ አንድ ሁለት ዓመት ተዉት።

*ጁላይና ኦገስት።* ማጠጣትና መጠበቅ። የዲሲ ሙቀት ከወበቁ ጋር ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ቀን ጠዋትም ማታም ውሃ ያስፈልጋል። በልማድ አታጠጡ፤ ቀጭን እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰክታችሁ አውጡና እዩት። ደርቆ ከወጣ አጠጡ፣ ውሃው ከሥር እስኪወጣ። ማታ ማታ ግን አፈሩን ብቻ፤ ጂኑ ረጥቦ አይደር። ማዳበሪያው በዚህ ሙቀት ጋብ ይበል።

የዚህ ወቅት ጠላት ቀይ ሸረሪት የሚሉት ደቃቅ ተባይ ነው። ቅጠሉ አቧራ የነካው መስሎ ከደበዘዘ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ቅርንጫፉን ነካ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካያችሁ አለ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ በኃይለኛ ውሃ መርጨት ብዙውን ያራግፈዋል። ካልለቀቀ ለተክል ተባይ ተብሎ የሚሸጠውን ዘይት መርጨት ይቻላል፣ ፀሐይ ሳይበረታ።

*ሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር።* ማዳበሪያው ይመለስ። ቅርንጫፍ በሽቦ ማጠፍም ለዚህ ጊዜ ይመቻል። ውስጥ ውስጡን ቢጫ የሆነ አሮጌ ቅጠል ታያላችሁ፤ የተለመደ ነው፣ ልቀሙና ጣሉ። ደረቁ እንጨት ከኖቬምበር በፊት ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ውሃ የጠጣ እንጨት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

*ዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ።* ሳሎን አታስገቡት! ቡና ጠረጴዛው አጠገብ እንደሚያምር አውቃለሁ። ግን ጽድ ብርድ ይፈልጋል፣ እንቅልፉም ያ ነው። ቅጠሉ እንኳ መቻል ይችላል፤ ብርድ የሚጎዳው ሸክላ ውስጥ ያለውን ሥር ነው። ከመደርደሪያ አውርዳችሁ መሬት ላይ፣ ነፋስ የማያገኘው ግድግዳ ሥር አስቀምጡት። ሸክላውን በዛፍ ቅርፊት ፍርፋሪ ጉዝጓዝ ክበቡት። በረንዳ ብቻ ያላችሁ፣ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ካለ እሱም ይሆናል። ጉዝጓዙ ሸክላውን ይሸፍን እንጂ ግንዱን አይደገፍ፤ አለዚያ ዓመቱን ሙሉ ያደረቃችሁትን ታች መልሳችሁ አረጠባችሁት።

ቅጠሉ ወደ ነሐስ ወይም ሐምራዊ ቀለም ከሄደ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት። በስፕሪንግ ይመለሳል። ውሃም አትርሱ። አፈሩ በረዶ ባልሆነበት ቀን እያያችሁ፣ ደርቆ ከሆነ አጠጡ።

ቅርንጫፍ ሲሞት

ያረጀ ዛፍ ላይ ይህ ይመጣል። አትቸኩሉ፤ ከግንዱም ጋር አስተካክላችሁ አትቁረጡት። ቢያንስ አንድ የእድገት ወቅት ጠብቁ። ቅርንጫፉ ሲሞት እሱን የሚመግበው የግንድ መስመርም አብሮ ሊያፈገፍግ ይችላል፤ የት ጋ እንደሚያቆም የሚታወቀው ከጊዜ በኋላ ነው። ድንበሩ ሲለይ ቅርፊቱን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ላጡት። ጫፉን በመጋዝ ጨርሳችሁ ከመቁረጥ በፒንሳ ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ጅማቱን ተከትሎ ሲሰነጠቅ በረዶ የሰበረው ይመስላል። አዲሱ ጂን ጥቂት ወራት ይድረቅ፤ ላይም ሰልፈሩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ዲሲ አካባቢ ካላችሁ፣ ናሽናል አርቦሪተም (የአሜሪካ ብሔራዊ የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሂዱና እዩ። መግቢያው ነፃ ነው። በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ባበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች ነው የተጀመረው። ሰው ሁሉ የሚሰለፈው ከ1625 ጀምሮ ሲንከባከቡት የኖረውንና ከሂሮሺማ የአቶም ቦምብ የተረፈውን ያማኪ የተባለ ፓይን (ከጽድ የተለየ ዛፍ) ለማየት ነው፣ ይገባዋልም። እናንተ ግን ጽዶቹም ጋ ቆም በሉ። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱ አፈር የሚነካበትን ቦታ እዩ።

ለአዲስ አበባ

የሐበሻ ጽድ የሺምፓኩ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንጨቱ ለአጥር ምሰሶ የሚመረጠውም ቶሎ ስለማይበሰብስ ነው። ወይራም ደረቅ እንጨቱ ድንጋይ ነው፣ ለዚህ ሥራ ይመቻል። የእናንተ ችግር በረዶ ሳይሆን ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጨቱ የሚደርቅበት ፋታ የለም። ስለዚህ ፍተሻና ጽዳቱን በግንቦት ጨርሱ። በዝናቡ ወራት ብርሃን የሚገባበት የጣሪያ ጠርዝ ሥር አስጠጉት። በጥቅምት ፀሐዩ ሲወጣ እንደገና እጠቡና አድርቁ። ላይም ሰልፈር ባታገኙም ብዙ አይጎድልባችሁም፤ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ያለው ሥራ አብዛኛውን ይሸፍናል። ዛፉን ግን ከጫካ አትንቀሉ። ከችግኝ ጣቢያ ወይም ግቢያችሁ ውስጥ ከሚነሳ አሮጌ አጥር ጀምሩ።